የማንጎ ጥላ በምታክል መሬት ላይ ጂ ፕላስ ሰባት

«ሰው ሲሞት በየት ይወርዳል?»

ይህን የጠየቁኝ እማማ ሐዋ ናቸው፤ አምና፣ ክረምቱ ሊገባ ሲል፣ አሶሳ ገበያ ጀርባ ባለው ግቢያቸው፣ ማንጎ ሥር። ዛሬ ጠዋት አለቃዬ ኢንጂነር ጌቱ ደውሎ «ሲሚንቶ ተገኝቷል፣ ሐጂ ሰኞ ቁፋሮ ሊያስጀምሩ ነው፣ ፕላኑን ይዘሽ ነይ» ሲለኝ መጀመሪያ ጆሮዬ ላይ የመጣው ያ ጥያቄ ነው። ቁርሴን እንኳን በቅጡ አልበላሁም።

አምና አዲስ አበባ አርክቴክቸር ተመርቄ ወደ አሶሳ ገና መመለሴ ነበር። ያገኘሁት ሰው ሁሉ «አዲስ አበባ ምን ጎደለሽና መጣሽ?» ይለኛል። ሥራ ነዋ የጎደለኝ። ቤተሰቦቼ በደርግ ጊዜ ከወሎ መጥተው እዚህ የሰፈሩ ገበሬዎች ናቸው፤ አባቴ እስከ ዛሬ «ልጄ መስመር ታሰምራለች» ነው የሚለው። ኢንጂነር ጌቱ ቢሮ ስገባ የተሰጠኝ የመጀመሪያ መስመር የሐጂ ኢብራሂም ቤት ነበር።

ሐጂ የበርታ ተወላጅ ነጋዴ ናቸው፤ የእማማ ሐዋ ልጅ። የአባታቸው ግቢ ለወንድማማቾች ተከፋፍሎ ለእሳቸው የደረሰችው በዳቦ ቤትና በመጋዘን መሀል የተጣበቀች ቁራጭ ናት። እኩለ ቀን ላይ ማንጎው ጥላውን ሲጥል ግቢው ያልቃል። በዚህች ላይ ነው ጂ ፕላስ ሰባት የፈለጉት። ከታች ሱቅ፣ ከዚያ በላይ ለእያንዳንዱ ባለትዳር ልጅ እኩል እኩል ፎቅ። እናታቸው ደግሞ አራተኛው ላይ። «መሀል ትሁን። ከላይም ልጆች፣ ከታችም ልጆች። ስትጣራ ሁሉም እኩል ይሰማታል» አሉኝ። ፍቅር መሆኑ ገብቶኛል። ግን በሆሞሻ መንገድ ከከተማው ትንሽ ወጣ ቢባል እኮ ዓይን እስኪደክም ቀርከሃና ሣር ነው። ይህንን ስናገር ሐጂ «አባቴ የኖረው እዚህ ነው» አሉ።

ፎቅ ማለት ክፍል መደራረብ ብቻ አይደለም። ደረጃ አለ፣ ሊፍት አለ፣ ብርሃን አለ፣ ከጎረቤት ግድግዳ ፈቀቅ ማለት አለ። መሬት ስትጠብ አንዱ የሌላውን ይበላል። ሐጂ በየሳምንቱ ቢሮ ይመጡና «የትልቁ ልጅ ሚስት ሳሎኑ ጠበባት» ይላሉ። ኢንጂነር ወደ እኔ ዞሮ «ከደረጃው ቀንሺ» ይላል። በሚቀጥለው ሳምንት «የታናሽየው ሚስት ሰማች» ይላሉ። «ከደረጃው ቀንሺ።» አንዷ ያገኘችውን ሌላዋ ካላገኘች እዚያ ቤት ሰላም የለም። ስለዚህ የአንዷ ሳሎን በሰፋ ቁጥር የሁሉም ይሰፋል፣ ደረጃው ከታች እስከ ላይ ይከሳል። በመጨረሻ ማረፊያ የሌለው፣ እንደ ቡሽ መክፈቻ የሚጠማዘዝ ነገር ሆነ።

«ኢንጂነር፣ በዚህ ፍሪጅ አይወጣም» አልኩት።

«በመስኮት በገመድ ይስቡታል። አዲስ አበባ ሄደሽ እይ።»

አዲስ አበባ ሄደሽ እይ። ይህን አባባል የፈጠረውን ሰው ባገኘው ደስ ይለኝ ነበር።

ፕላኑን ለቤተሰቡ ልናሳይ የሄድንበት ቀን ሙቀቱ አንገት የሚያስደፋ ነበር፤ ሰማዩ ጠቁሯል፣ ዝናቡ ግን እምቢ ብሏል። የበሰለ ማንጎ በየደቂቃው ዱብ ይላል። ቀዝቃዛ ከርከዴ አጠጡን። ፕላኑን ምንጣፍ ላይ ዘርግተን ነፋሱ እንዳይወስደው አራቱ ጫፍ ላይ ማንጎ አስቀመጥን። እማማ ሐዋ ጎንበስ ብለው ጣታቸውን አራተኛው ፎቅ ላይ አሳረፉ።

«ይሄ እኔ ነው?»

«አዎ እማማ፣ የእርስዎ ክፍል ነው።»

«ይሄስ?»

«ደረጃው ነው።»

ጣታቸውን በደረጃው እያዞሩ፣ እያዞሩ፣ እስከ ምድር አወረዱት። ከዚያ ቀና ብለው እኔን አዩ። «ያ ቢንቲ፣ ልጄ፣ ሰው ሲሞት በየት ይወርዳል?»

ኢንጂነር ቀደመኝ። «በሊፍት ነዋ፣ እማማ።»

«ሊፍት ምንድን ነው?»

«ሳጥን ናት። ውስጧ ቆመው ቁልፉን ሲጫኑ ታወርድዎታለች።»

«የሞተ ሰው ይቆማል?»

ምራቶቻቸው ከሻሻቸው ሥር ሳቁ። ሐጂ ግን አልሳቁም። «አስተግፊሩላህ፣ እናቴ። ባልተሠራ ቤት ሞት አይጠራም» አሉና በበርታኛ የሆነ ነገር ጨመሩ። እማማ ግን የመለሱት በተሰባበረ አማርኛቸው ነው፤ እኔ እንድሰማ መሰለኝ። «እኔ ከቤት ተኝቶ ነው የሚወጣ። ሰው ይሸከማል። የኢብራሂም አባትም እንደዚያ ወጣ።»

አፌን ስከፍት ኢንጂነር እግሬን ረገጠኝ። «ልጅቷ ታስተካክለዋለች» አለ። ገንፎ በባሚያ ወጥ መጣ፣ ብሉ ተባለ፣ ወሬው ተዘጋ።

ስንመለስ ባጃጅ ውስጥ ዝናቡ ጣለብን። «በደረጃው ቃሬዛ አይዞርም፣ ሊፍቱም አይበቃው» አልኩት።

«ማን ይሞታል ብለሽ ነው?»

«ሁሉም ሰው።»

«ሥራ ስትለምጂ ይለቅሻል» አለኝ።

ከዚያ በኋላ ለኢንጂነር ያላልኩት የለም። ምድር ቤቱን ለእማማ እንስጥ ስል፣ ምድር ቤቱ ሱቅ ነው። ደረጃውን እናስፋ ስል፣ ሳሎኑስ? ሁለት ፎቅ ይቅር ስል፣ «የትኛው ልጅ ይቅር?» አለኝ። ደግነቱ ሲሚንቶ ጠፋ። በከተማው ሲሚንቶ ጠፋ ተብሎ ደስ ያለው ሰው እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።

ዛሬ ከኢንጂነር ጋር ግቢው ስንደርስ የማንጎው ግንድ ላይ የሚቆረጥበት ቦታ በቀይ ቀለም ተቀብቷል። እማማ ሐዋ ሥሩ በጠፍር አልጋ ላይ ተኝተዋል። ክረምቱን ታመው እንደከረሙ አልሰማሁም ነበር። እግራቸው አብጧል፤ ጠዋት ጠዋት ልጆቻቸው ከነአልጋቸው ተሸክመው ጥላ ያወጧቸዋል። ሐጂ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ቤቱን ሳታይ እንዳትሄድብኝ ነው የቸኮልኩት» አሉን። ዓይናቸው ቀልቷል። ለዚህ ሰው ክፉ ቃል መናገር ከባድ ነው።

ቆሜ አልጋውን እያየሁ ግን የተናደድኩት በመሬቷ ማነስ እንዳልሆነ ገባኝ። መሬት ታንሳለች፣ ምን ታድርግ። በዚያች ቁራጭ ላይ ለሱቅ ቦታ ተገኘ፣ ለየሳሎኑ ተገኘ፣ ለሊፍት ተገኘ፤ ለተኛ ሰው ብቻ ጠፋ። ይህን ደግሞ ግቢው በሙሉ ያውቃል። ምራቶቹ ያውቃሉ፣ ኢንጂነር ያውቃል፣ ሐጂም ልባቸው ያውቃል። ዝም የምንለው ጨዋ ስለሆንን ነው። የእኛ ጨዋነት ሰኞ ኮንክሪት ሊሆን ነው።

እማማ ሐዋ ዘንድሮ አልጠየቁም። ብቻ ያዩኛል።

«ሁሉም ተስተካከለ፣ ልጄ?» አሉኝ ሐጂ።

«ተስተካክሏል» አለ ኢንጂነር፣ እኔን ሳያይ።

ነገ ሥራ ይኑረኝ አይኑረኝ አላውቅም። ፕላኑን መሬት አስቀምጬ አልጋው አጠገብ ተንበረከክሁና ሐጂም እንዲሰሙ ጮክ ብዬ ተናገርኩ።

«እማማ ሐዋ፣ አምና ጠይቀውኝ አልመለስኩልዎትም። አይወርድም። በዚህ ደረጃ የተኛ ሰው አይወርድም።»