ወደ ቆጵሮስ የሄደው ጨርቅ

ፍኖተ ሰላም ውስጥ የሙሽራ ቀሚስ ማሰፋት የፈለገ ሰው ሠርክአዲስን ሳያናግር የሠርግ ቀን አይቆርጥም። ሱቋ ከመናኸሪያው ወረድ ብሎ ነው፤ በሩ ሰፊ፣ ደፉ ከመሬት እኩል። ሠርክአዲስ ከአራት ዓመቷ ጀምሮ እግሯ አይታዘዝላትም፤ የምትንቀሳቀሰው በተሽከርካሪ ወንበር ነው። ምላሷ ግን ከመቀሷ አያንስም። "ወገቤ ቀጭን ነው፣ ጠበብ አድርጊው" የምትል ሙሽራ የመጣች እንደሆነ፣ "የኔ እመቤት፣ እኔ በወሬ አልሰፋም፤ ነይ ልለካሽ" ትላታለች። ለክታም አሳፍራ ትሰዳታለች።

እንግዲህ አምና አንድ ቀን ብድግ ብላ "ባሕር ልገባ ነው" ያለችው ይህችው ሴት ናት።

ነገሩ የቆየ ነው። በልጅነታቸው ታናሽ እህቷ እናኑና የሰፈሩ ልጆች ላህ ወንዝ ሊዋኙ ሲወርዱ እሷንም አዝለው ይወስዷት ነበር። ደጎች ነበሩ፣ ትተዋት አይሄዱም። ግን ወንዙ ዳር ድንጋይ ላይ ያስቀምጧትና ልብሳቸውን ጭኗ ላይ ይከምሩባታል። "ሠርኬ፣ ልብስ ጠብቂ!" እነሱ ይንቦጫረቃሉ፣ እሷ ትጠብቃለች። "ስፌት የለመድኩት ያን ጊዜ ነው፤ ሥራ ስፈታ የቀሚሳቸውን ጠርዝ እያገላበጥኩ" እያለች ትቀልዳለች። ትሳቅ እንጂ ያቺ ድንጋይ እስከ ዛሬ ትቆረቁራታለች።

እናኑ አድጋ ቆጵሮስ ገባች፤ እዚያ አንዲት አሮጊት ታስታምማለች። አምና ደወለችና፣ "እታለም፣ እዚህ የባሕሩ ጫፍ ላይ ሐዲድ የተዘረጋለት ወንበር አለ። መራመድ የማይችል ሰው ይቀመጥበትና ቁልፍ ሲጫን፣ ወንበሩ ራሱ እያንሸራተተ ውሃው ውስጥ ይከተዋል። ዛሬ አንድ ሽማግሌ ሲገቡ አየሁ፤ እንደ ሕፃን ይጮኻሉ" አለቻት። ሠርክአዲስ መቀሷን አስቀመጠች። "መቼ ልምጣ?" አለች።

እናቷ ወይዘሮ አስካለ ማርያም ይህን ሲሰሙ፣ "ምን ስዕለት አለብሽ ልጄ?" አሉ።

"ስዕለት የለብኝም እማ። ልዝናና ነው።"

"ለጸበል ነው በይ እንጂ! ቆጵሮስ እኮ ሐዋርያት የረገጧት አገር ናት። ተጠምቀሽ ድነሽ ትመጫለሽ።"

"እማ ይስሙኝ፤ እኔ ልድን አይደለም የምሄድ፣ ልንቦጫረቅ ነው።"

እናቲቱ ግራ ገባቸው። ሰው ባሕር ተሻግሮ ይሠራል፣ ይማራል፣ ይሳለማል። ሊንቦጫረቅ ይሄዳል እንዴ?

ሠርክአዲስ ግን ዕቅዷን ጀመረች። እስከ አዲስ አበባ የሚኒባሱ የፊት ወንበር፣ አውሮፕላኑ ውስጥ የሚያስገባው ጠባቡ ወንበር፣ ሁሉንም ጠይቃ ጻፈች። የቀረው ሆቴሉ ነበር። እናኑ የጠየቀቻቸው ሁሉ "ተሽከርካሪ ወንበር እንዴታ፣ ይገባል!" ይላሉ። "የኔ ሙሽሮችስ ወገባችን ቀጭን ነው ይሉ የለ? ለኪው!" አለች ሠርክአዲስ። ግን እናኑ ሜትር ይዛ አትታመንም፤ አንድ ጊዜ የአሠሪዋን የልጅ ልጅ ልክ ልካ፣ ቀሚሱ ለአሻንጉሊት የሚሆን ሆኖ ነው የደረሰው። ስለዚህ ሠርክአዲስ ወንበሯን ከጎማ እስከ ጎማ ለካች፤ ስድሳ ስድስት ሴንቲ ሜትር። በዚያው ልክ አቡጀዲ ቆርጣ፣ በሁለቱ ጫፍ ቀጭን ዘንግ አስገብታ ሰፋችና ወደዚያው በምትሄድ በአንዲት የቡሬ ልጅ እጅ ላከችው። "ይህ ጨርቅ ተወጥሮ ያላለፈበትን በር እኔም አላልፈውም።"

እናኑ በዕረፍት ቀኗ ጨርቁን ወጥራ ሆቴል ለሆቴል ዞረች። አንዱ በረኛማ ሰልፍ የወጣች መስሎት ሊያባርራት ነበር። በአንደኛው ሆቴል ጨርቁ መታጠቢያ ቤቱ ጋ ሲደርስ እምቢ አለ። ሌላው በሩ ሸጋ፣ ግን ደረጃ። በአምስተኛው ጨርቁ ግራና ቀኝ አንድ አንድ ጣት እየተረፈው ሁሉንም በር አለፈ። ክፍሉ ተያዘ፣ ቪዛውም ተመታ።

መሄጃዋ ሦስት ሳምንት ሲቀረው፣ ባለቤቱን አልብሳ ፕሮቫ ሳታደርግ ልብስ አስረክባ የማታውቀዋ ሠርክአዲስ ሆቴሉንም ፕሮቫ ላድርገው አለች። ጎረቤቷ ጨርቅ ነጋዴዋ ጦይባ ሁለት ጣቃ ጨርቅ አቁማ በሩን ሠራች፤ ክፍተቱ ልክ እንደ ቆጵሮሱ። ከጠረጴዛ ኋላ ቆማም፣ "እንኳን ደህና መጡ እመቤቴ! ስንት ቀን ይቆያሉ?" አለች።

"ባሕሩ እስኪደርቅ!" ብላ ሠርክአዲስ ጎማዋን ገፋች። ጣቃዎቹ ዱብ ዱብ አሉ። ጦይባ በሳቅ ሞተች፤ አነሣችና አቆመቻቸው። ሠርክአዲስ ደግማ ገፋች፤ እንደገና ወደቁ። ጦይባ ቀና ስትል ሠርክአዲስ የገዛ እጆቿን እያየች ነው። ጎማው ያልፋል፤ ጎማውን የሚያሽከረክሩት እጆቿ ግን ከጎማው ውጭ ናቸው።

"ወይ ጉዴ! ሃያ ዓመት ለሰው ሁሉ የስፌት ትርፍ ስተው ኖሬ የራሴን እጅ ልርሳ?"

እናኑ በስልክ አጽናናቻት። "ምን ቸገረሽ፣ እኔ እገፋሻለሁ። አንች እጅሽን ጭንሽ ላይ ታደርጊያለሽ።"

"እጅ ጭን ላይ አድርጎ መቀመጥማ ላህም ነበረልኝ!" አለች ሠርክአዲስ። "ጨርቁን ቀጥይበት። አራት ጣት በዚህ፣ አራት ጣት በዚያ።"

ወቅቱ ሰው የሚበዛበት ነውና ሆቴሉ ሁሉ ሞልቷል። አንድ ሳምንት አለፈ። ሠርክአዲስ የአንዲት ሙሽራ እጅጌ ገልብጣ ሰፋች። እናቷ ይህን አይተው ነጠላቸውን አደግድገው ወጡ፤ ሲመለሱም፣ "ስዕለት የለብኝም ስላልሽ እኔ ተሳልሁልሽ። ሰፊ በር የተገኘ እንደሆነ ለኪዳነ ምሕረት ጥላ አስገባለሁ ብያለሁ" አሉ።

"እንድድን ነው እማ?"

"እንድትንቦጫረቂ ነው!" አሉ ቆጣ ብለው።

በዘጠነኛው ቀን እናኑ ደወለች። ገና ሰላም ሳትል፣ "አለፈ! እታለም፣ የተቀጠለው ጨርቅ አለፈ፤ መዳፍ ሙሉ ተረፈው!" አለች። ትንሽ የእንግዳ ማረፊያ ናት፤ ባለቤትየዋ ለባሏ ተሽከርካሪ ወንበር ብላ በሮቹን ሁሉ አስፍታቸዋለች። ወይዘሮ አስካለ ማርያም እልልታውን አቀለጡት፤ ጦይባም ከሱቋ ሮጣ መጥታ አጀበቻቸው።

የሚቀረው እያንዳንዱን ቀን መመደብ ነበር። የባሕሩ ቀን ላይ ሲደርሱ እናኑ፣ "ወንበሩ የሚይዘው አንድ ሰው ብቻ ነው። አንች ስትገቢ እኔ ምን ልሥራ?" አለች።

ሠርክአዲስ እርሳሷን አስቀመጠች።

"አንችማ እናንዬ፣ ድንጋይ ፈልገሽ ትቀመጫለሽ። ልብሴን ትጠብቂያለሽ።"

እናኑ እየሳቀች ይሁን እያለቀሰች በማይለይ ድምፅ፣ "እሽ እታለም፣ እጠብቃለሁ" አለች።