ሊማሊሞን በጥቁር ጢስ

ንጋት 12 ሰዓት፣ አራዳ ገበያ

ሱቆቹ ገና አልተከፈቱም። ወደማስተምርበት አዲ አርቃይ የሚወስደኝ የአያ ገብሬ የጭነት መኪና ሲነሣ ጥቁር ጢስ ተፋ፤ የመንገዱ መብራት ጠፋብን። እኔ ለክፍል ሙከራ የገዛሁትን አሟሚ ፈሳሽና ሁለት ኩራዝ ታቅፌያለሁ።

«ነገ ስመለስ የመኪና ምርመራ አለብኝ» አሉ አያ ገብሬ። «እንዲህ ከጨሰ ሰሌዳዬን ይፈቱታል። ናፍጣው ምነው እንዲህ ከፋ?»

የኬሚስትሪ መምህር እንዲህ ተጠይቆ ዝም አይልም።

4 ሰዓት፣ ደባርቅ

ብርድ፣ የገብስ ዳቦ፣ ትኩስ ሻይ። ናፍጣ ውስጥ ቀለበት የሠሩ ሞለኪውሎች አሉ፤ አሮማቲክ ሃይድሮካርቦን ይባላሉ፤ ሲቃጠሉ ጥላሸት ያበዛሉ። አሟሚው እነሱን ወደ ራሱ ይስባል፤ ከቀረው ናፍጣ ጋር ግን እምብዛም አይዋሐድም። በውሃ ፕላስቲክ ጥቂት ናፍጣና አሟሚ ጨምሬ ናጥሁት። ሲረጋ ሁለት ንብርብር ሆነ። ላይኛውን ናፍጣ በሲሪንጅ ቀድቼ፣ የቀረው አሟሚ እንዲለቀው በውሃ አጠብሁት፤ ከዚያ የታጠበውንና ያልታጠበውን በየኩራዙ ለኮስሁ፤ በላያቸው ነጭ ሳህን ያዝሁ። ባልታጠበው ላይ የያዝሁት ሳህን ጠቆረ፤ ሌላው ግራጫ ብቻ ሆነ።

«ሳህኔን ደግሞ በምን ልታጥብልኝ ነው?» አለች ባለ ሻይ ቤቷ።

አያ ገብሬ አልሳቁም፤ ሳህኖቹን ያገላብጣሉ።

7 ሰዓት፣ ድብ ባሕር

የሊማሊሞን ጠመዝማዛ ወርደን ቆምን፤ ሙቀቱ ሌላ አገር ነው። ከምሳ ስወጣ አያ ገብሬ የነዳጁን ጋን ክዳን ከፍተው፣ ጀሪካን አንሥተዋል። ሸተተኝ፤ ሁለቴ የወጣ ዳግም አረቄ!

«አያ፣ ተዉ!»

«ምነው? ያንተም እንደ አረቄ ይሸት የለ? ይህ እኮ ሲለኩሱት ይነድዳል!»

«ቢነድም ግማሹ ውሃ ነው። ቀለበቶቹን አይስብም፤ ውሃው ፓምፑን ይጨርሰዋል። ደግሞ ጋን ውስጥ ማን ለይቶ ይቀዳዋል? ይህ የፋብሪካ ሥራ ነው።»

ጀሪካኑን አስቀመጡ። «ታዲያ እኔ ነገ ምን ልሁን?»

አፈርሁ፤ ተስፋውን የሰጠኋቸው እኔ ነኝ። መንገዱን ሙሉ ስለ ነዳጁ ብቻ አውርቻለሁ። ለመቃጠል ግን አየርም ያስፈልጋል።

«አየር የሚገባው በየት ነው?»

የሞተሩን ሽፋን አነሡ። የአየር ማጣሪያው በአሮጌ ነጠላ ተጠቅልሏል፤ ነጠላው የገለባ ብናኝ ጠጥቶ እንደ ቆዳ ደርቋል።

«ገለባ ስጭን አቧራ እንዳይገባ ብዬ ያሰርሁት ነው» አሉ ቀስ ብለው።

ፈታነው፤ ማጣሪያውንም አራገፍነው።

10 ሰዓት፣ አዲ አርቃይ

ከዛሪማ የሚያስወጣውን ዳገት አንገቴን በመስኮት አውጥቼ ጨረስሁት። ጢሱ አልጠፋም፤ ግን በስተጀርባው ያለው ተራራ ይታያል። ከተማው ስንደርስ አያ ገብሬ ነዳጅ አስረግጠውኝ ከኋላ ቆመው አዩ፤ ደጋግመው አዩ።

«ሸጋ ነው!» ብለው ጮኹ። «ነገ ሰሌዳዬን እፈታለሁ የሚል፣ እስቲ መፍቻውን ይዞ ይምጣ!»