ለፊርማዬ የመጡት ሽማግሌዎች

ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ላይ ሳለሁ ካሉት የትምህርት ክፍሎች አንዱም አልጥም አለኝ። የራሴን ትምህርት ራሴ ላዘጋጅ ብዬ ተነሣሁ፤ ከሕግ፣ ከጂኦግራፊና ከንግድ ቆንጥሬ፣ በባቡር ከድሬዳዋ ጅቡቲ የገቡ ነጋዴዎችን የማጠናበት። ጥጋብ ነበር። መምህራኑ ግን አልሳቁብኝም፤ ሦስቱም ክፍሎች ከፈረሙ ይፈቀድልሻል አሉኝ። ሁለቱ ፈረሙ። የሕጉ መምህር እምቢ አለ፤ በዚሁ ሰበብ ከጂኦግራፊው ጋር ተኳረፉ።

ጅቡቲ ከተማ፣ ካርቲየ 5 የሚባለው ሰፈራችን ባለው ሱቃችን ቁጭ ብዬ ይህንኑ ለአባቴ አማረርኩ። አባቴ ራሱ በዚያው ባቡር ጨርቅ ይዞ የመጣ ነው። የትምህርቱ ነገር አልገባውም፤ የገባው ሁለት ትልልቅ ሰዎች በልጁ ምክንያት መኳረፋቸው ነው።

"ታዲያ ሽማግሌ አልገባም?" አለኝ።

የቀልዱን መስሎኝ ሳቅኩ።

በሳምንቱ ሦስቱ መምህራን ፊት ቀርቤ ዕቅዴን ሳስረዳ በሩ ተንኳኳ። አባቴ ነበር፤ የተተኮሰ ሽርጡን ታጥቆ፣ ከገበያ ሁለት ሽማግሌዎች አስከትሎ። ከዘራውን ተደግፎ በሱቅ ፈረንሳይኛው "ስለ አላህ ብላችሁ ታረቁ" አላቸው። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

"እኚህ ሰው ማን ናቸው?" አለኝ የሕጉ መምህር።

"የሰፈራችን ባለ ሱቅ ናቸው" አልኩት፣ በጠራ ፈረንሳይኛ።

አባቴ ሠላሳ ዓመት በፈረንሳይኛ የሸጠ ሰው ነው። ቀና ብሎም አላየኝ። "አዎ፣ ጎረቤቷ ነኝ። ጎበዝ ልጅ ናት" ብሏቸው ሽማግሌዎቹን ይዞ ወጣ። የሕጉ መምህር ከጂኦግራፊው ጋር ተያይተው በሽማግሌዎቹ ነገር ሳቁ፤ ሳቁን ሲጨርስም ፈረመልኝ።

ዕቅዴ ላይ የጻፍኩት ሁሉ፣ ጣቢያው ላይ ዕቃ እንዴት እንደሚራገፍ፣ ነጋዴ ከነጋዴ ሲጣላ ማን እንደሚያስታርቅ፣ ከእሱ አፍ የሰማሁት ነው። ይህን ሳስብ ዛሬም አፍራለሁ።

ማታ "ፈረሙ?" ብቻ አለኝ። "ፈረሙ" አልኩት። "አልሐምዱሊላህ" አለ። ይቅርታ ልጠይቀው አፌን ስከፍት ስለ እራት አወራሁ፤ በማግስቱም እንደዚያው፤ እንዲህ እንዲህ እያልኩ ሁለት ዓመት አለፈ።

የምረቃዬን ጥሪ ሱቅ ድረስ ወስጄ ሰጠሁት። አነበበው፣ በጥንቃቄ አጠፈው፣ ኪሱ ከተተው።

"እንደ ማን ሆኜ ልምጣ፣ ልጄ?" አለኝ።

ሊወጋኝ ፈልጎ አልነበረም። የምሩን ነበር የጠየቀኝ።