ሰዓዳ የምትሄድበትን ሰዓት የተናገርኩት እኔ ነኝ

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። እናቴ ሳትሰማው ሞተች፤ ሰዓዳም እስከ ዛሬ አታውቀውም። ስናገረው ግን አልንተባተብም። ያደረግሁት እኔ ነኝ፣ አውቄ ነው ያደረግሁት።

ያኔ ሞባይል በየሰው እጅ አልገባም ነበር። ሰዓዳ የወሎ ልጅ፣ ያገሬ ልጅ ናት። ኤምሬትስ ውስጥ አል ዓይን ከተማ፣ ዛኸር ሰፈር ሲኖሩ ባሏ ይደበድባት ነበር። አንድ ቀን በለበሰችው ልብስ አምልጣ አቡ ዳቢ፣ አል ኻሊዲያ ሰፈር ካለው ክፍሌ መጣች። መጀመሪያ ላይ በር በተንኳኳ ቁጥር ትደነግጣለች፤ እህል አልወርድ ይላታል። ኋላ ማንም ሳይመክራት ለራሷ መላ አገኘች። ከሰዓት በኋላ የአስር ሶላቷን ሰግዳ፣ ሸራ ጫማዋን አስራ ኮርኒሹ ላይ፣ በባሕሩ ዳር መንገድ፣ ትሄዳለች። ሲጨንቃት ቆም ብላ በረጅሙ ትተነፍስና፣ «ሰዓዳ፣ እዚህ ማንም አይነካሽም» ትላለች፣ ለራሷ። ስትመለስ ትበላለች፣ ትተኛለች። መሳቅም ጀምራ ነበር።

ባሏ ወደምሠራበት ልብስ ስፌት ቤት ደወለ። አለቀሰ። «እህቴ፣ ካንቺ ሌላ የሚያስታርቀን የለም» አለኝ። እኔስ ምን ተሰማኝ? ደስ አለኝ። አስታራቂ መባሉ ደስ አለኝ። ጀርባዋን በእጄ ያሸሁ፣ ሰንበሩን በዓይኔ ያየሁ ሴት፣ የምትሄድበትን ሰዓትና ቦታ ነገርኩት። ምነው ያኔ አፌን በያዘኝ።

በማግስቱ አንድ እግሯ ባዶ ሆኖ ተመለሰች። ባሏ በሻርፗ ይዞ መሬት ለመሬት ሲጎትታት አላፊ አግዳሚው ነው ያስጣላት። «ማን ነገረው?» አለችኝ። «ከፎቁ ሥር ያለው ባለሱቅ ይሆናል» አልኳት። ያን ምስኪን ሰውዬ ከዚያ ወዲህ ሰላም ብላው አታውቅም።

ብዙ ቀን ከቤት ሳትወጣ፣ ጀርባዋን ለግድግዳ ሰጥታ ተቀመጠች። ስንት ደክማ ያገኘችውን ጤና በአንድ ስልክ አጠፋሁባት። ልጅ ነበርኩ ልበል? አልነበርኩም። አላወቅሁም ልበል? አውቅ ነበር።

ባሏ ዳግመኛ ሲደውል ጆሮው ላይ ዘጋሁበት። ይህን ግን ጽድቅ ብላችሁ አትቁጠሩልኝ።

አንድ ቀን አዲስ ሸራ ጫማ ገዝታ ገባች። ቁጭ ብላ ማሰሪያውን አጠበቀች። «ኸላስ፣ በቃ፣ እሱን ፈርቼ ቤት አልቀርም። ከነገ ጀምሮ የምሄደው በጠዋት ነው፣ በሌላ መንገድ» አለች።

ይቅር በሉኝ አልላችሁም። ይቅርታው የሰዓዳ ነው፤ እሷ ደግሞ የበደልኳት እኔ መሆኔን አታውቅም። አዲሱን መንገዷን ያን ቀን የነገረችው ለእኔ ብቻ ነበር፣ «የማምነው አንቺን ነው» ብላ።