ልብስ ማጠቢያ ወይስ ሁለተኛ ሽንት ቤት

ስደተኛ ሁሉ ከአገሩ የወጣው በጨለማ ነው ይባላል። እኛ ግን ሱዳን ድንበር አጠገብ ካለችው ከሽንፋ የወጣነው እሑድ ቀን፣ በጠራራ ፀሐይ፣ የቆሸሸ ልብስ ተሸክመን ነው። ሌሊቱንማ የድንበር ጠባቂዎቹ ነቅተው ያድራሉ። ቀትር ላይ ግን፣ የሽንፋን ሙቀት የቀመሳችሁ ታውቁታላችሁ፣ ጠመንጃ የያዘውም ያልያዘውም ዛፍ ሥር ተዘርሮ ነው የሚውለው። ደግሞ ወቅቱ የሰሊጥ አጨዳ ነበር። ከጎጃምና ከወሎ የመጣው የቀን ሠራተኛ እሑድ እሑድ ልብሱን ሊያጥብ ወንዙን ይሞላዋል። በዚያ ሁሉ ሰው መሐል ሦስት ሰው ጥቅል ልብስ ይዞ ቢወርድ ማን ዞር ብሎ ያያል?

እኔ የአንደኛ ደረጃ መምህርት ነበርሁ። ባሌ ደሴ የመንግሥት እርሻ ውስጥ ትራክተር ይነዳ ነበር። ስሙ ለብሔራዊ ውትድርና ከተጻፉት መሐል መሆኑን ከቀበሌው ጸሐፊ በሹክሹክታ ሰማን፤ የቀረን ጊዜ አንድ ሳምንት አይሞላም። ሦስተኛው ሰው የደሴ አባት፣ አማቴ አቶ ተገኘ ናቸው። እሳቸው የመሰደድ ሐሳብ አልነበራቸውም። እርሻዎቹን አልፈን ጫካ እስክንገባ ሸኝተውን ሊመለሱ ነው የመጡት። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ አማቴ ከቤታቸው የወጡት ልብስ ሊያጥቡ ነው።

ዘዴውን ያወጡት የደሴ እናት፣ እማማ ጥሩነሽ ናቸው። ልብሱን አጥበን ቋጥኝ ላይ እናሰጣለን፤ ያየ ሁሉ ባለቤቶቹ እዚያው ቁጥቋጦ ጥላ ውስጥ ያሉ ይመስለዋል፤ ማታ ላይ እሳቸው ወርደው ያነሡታል። «ልብሱን አስጥቶ አገር ጥሎ የሚሄድ ሰው አለ ብሎ ማን ይጠረጥራል?» አሉን። እኔም ኮሌታ ሳይቀረኝ ፈትጌ አጠብሁ። የምለብሰው እንዳልሆነ እያወቅሁ ለምን እንደዚያ እንደተጨነቅሁ እስከ ዛሬ አይገባኝም። የአማቴን ጋቢ ከሁሉም ከፍ ያለው ቋጥኝ ላይ ዘረጋሁት።

በማግሥቱ ገና ጫካው ሳንገባ የምናውቀው ነጋዴ አህዮቹን እየነዳ ደረሰብን። ታጣቂዎቹ ገና እሑድ ማታ ቤት መጥተው «ልጁ ከሌለ አባቱ ይቅረብ» ማለታቸውን ነገረን። አማቴ ትንሽ ቆም አሉ። የመጣንበትን መንገድ አዩ፣ ከዚያ እኛን አዩ። «እንግዲያ እንሂድ» አሉ። ከዚያ ወዲያ ስለዚያ እሑድ ሲያነሡ ሰምቼ አላውቅም።

ገዳሪፍ ሁለት ዓመት ተቀመጥን። የሱዳንን ሰው አላማም። ማሽላው የአገራችን ማሽላ፣ ሙቀቱም የአገራችን ሙቀት ነበር፤ ሽንት ቤቱም ከግቢው ጥግ፣ ከአጥር ጀርባ ነበር። ይኼን የመጨረሻውን ነገር ያን ጊዜ ከቁም ነገር አልቆጠርሁትም። ከዚያ ወረቀታችን ተሳካና ካናዳ፣ ዊኒፔግ የሚባል ከተማ አወረዱን። አውሮፕላን ጣቢያው በር ላይ ትንፋሼ እንደ ጢስ ሲወጣ አይቼ ሳንባዬ የተቃጠለ መስሎኝ ደነገጥሁ። እንጀራ በሌለበት አገር ዳቦው እንኳ ጥርስ አይፈልግም፤ ሲጫኑት ተመልሶ ይነሣል።

መጀመሪያ የሰጡን ቤት አንድ መኝታ ክፍል፣ አንድ ሳሎንና አንድ ሽንት ቤት ነበረው። እነሱ ባዝሩም ይሉታል። አማቴ የሚተኙትም የሚውሉትም ሳሎኑ ውስጥ፣ ሶፋው ላይ ነው። የሽንት ቤቱ በር ደግሞ ልክ ከሶፋው ፊት ለፊት ነው።

እናንተ አገር ቤት ያላችሁት ችግሩ ወዲያው ገብቷችኋል። እዚህ ተወልደው ያደጉ ልጆቻችን ይኼን ቢያነቡ ግን አይገባቸውምና ላስረዳ። ምራት በአማቷ ፊት ታፍራለች። እኔ አስተማሪ ስለሆንሁ ብዙውን ወግ ትቼዋለሁ፤ አብሬያቸው እበላለሁ፣ ቀና ብዬም አነጋግራቸዋለሁ። ይኼን ግን አልቻልሁም። ሽንፋ ሳለሁ የውሃ ጣሳዬን በነጠላዬ ሸፍኜ በጓሮ በኩል ነበር የምዞረው። አሁን እዚያ ተቀምጠው እያዩ በሩን ከፍቼ ልግባ? ውሃው ሲወርድ ይስሙ? ሞት ይሻለኛል አልሁ። በዚያ ላይ አርግዣለሁ። ያረገዘች ሴት በቀን ስንት ጊዜ እንደምትመላለስ ደግሞ ለማንም መንገር አያስፈልገኝም።

ያተረፈኝ የአማቴ አመል ነበር። ጠዋት ቁርስ እንደበሉ ኮታቸውን ደርበው ይወጣሉ። ምሳ በልተው እንደገና ይወጣሉ። ከሰዓት በኋላም አንዴ ይወጣሉ። በረዶው ጉልበት ድረስ ነው፣ ጢማቸው ነጭ ሆኖ ይመለሳሉ። እሳቸው ከወጡ እኔ እሮጣለሁ። በልቤ ግን አዝን ነበር፤ ቤቴን ጠልተውት፣ እኔን ማየት ሰልችቷቸው ነው የሚወጡት ብዬ ቂም ቢጤ ይዤባቸዋለሁ።

እርግዝናዬ ሰባተኛ ወሩን ሲይዝ ከቤቶች ክፍል ተጠራንና ሦስታችንም ሄድን። መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ሴትዮ ሁለት ወረቀት ፊታችን ዘረጋች። ሁለት አፓርትመንት ተለቋል፤ ሁለቱም ጠባብ፣ ሁለቱም ሁለት መኝታ ቤት ያላቸው። አንደኛው ኩሽናው ውስጥ ልብስ ማጠቢያ ማሽን አለው፤ ሽንት ቤቱ ግን አንድ ብቻ፣ እሱም ከአማቴ ክፍል ጎን። ሁለተኛው ማሽን የለውም፤ ቤዝመንት የሚሉት ምድር ቤት ወርዶ ከሕንጻው ሰው ጋር ተራ ጠብቆ ማጠብ ነው። ግን መግቢያው አጠገብ ቁም ሣጥን የምታህል ሁለተኛ ሽንት ቤት አለችው።

«ማሽን ያለውን» አለ ደሴ፣ ሴትዮዋ ሳትጨርስ። እውነቱን ነው። ያን ጊዜ ልብስ የምናጥበው ሦስት መንገድ ተሻግረን ነበር፤ ባለፈው ወር ጆንያውን እንደተሸከምሁ በረዶው አንሸራትቶ ጥሎኛል። የሕፃን ጨርቅ ሲጨመርበት ደግሞ አስቡት። በዚያ ላይ ባለ ትራክተሩ ባሌ ሞተር ያለው ነገር ይወዳል።

«ሁለት ሽንት ቤት ያለውን» አልሁ እኔ። ከተማሪ ቤት በተረፈችኝ እንግሊዝኛ ነው።

ሴትዮዋ መነጽሯን አደረገች። «ሦስት ሰው ናችሁ፣ ሕፃን ሲጨመር አራት። የእኔ ቤት አምስት ነን፤ አንድ ይበቃናል።»

«ለእኛ አይበቃም።»

«የታመመ አለ?»

«የለም። አማቴ እያዩኝ መግባት አልችልም።»

«በር አለው እኮ።»

«በሩን ያዩታል።»

«ታዲያ በር ቢያዩ ምን አለበት?»

«መግባቴን ያውቃሉ።»

«እመቤት፣ በዓለም ላይ የማይገባ ሰው የለም። ንግሥቲቱም ትገባለች።»

«ንግሥቲቱ ስትገባ አማቷ ሶፋ ላይ አይቀመጡም» አልኋት። ደሴ ጣሪያውን ያያል። ላቡ በግንባሩ ወርዷል፣ ያውም በዚያ ብርድ።

ሴትዮዋ ክፉ አልነበረችም። ትንሽ አሰበችና ፊቷ በራ። «ቀላል መፍትሔ አለ» አለች። «ለሽማግሌዎች የተሠራ ጥሩ ቤት አለን። የራሳቸው ክፍል፣ የራሳቸው ቶይሌት ይኖራቸዋል። እሑድ እሑድ ትጠይቋቸዋላችሁ። እናንተ ማሽን ያለውን ትወስዳላችሁ፤ ሁላችሁም ደስ ይላችኋል።»

ይኼን ስትል አማቴ ተነሡ። ባርኔጣቸውን ከጉልበታቸው አንሥተው፣ ለሴትዮዋ ጎንበስ ብለው ወደ ኮሪደሩ ወጡ፤ በሩንም ቀስ ብለው ዘጉት።

«ምን ሆኑ? አስቀየምኋቸው? እንግሊዝኛ አይሰሙም ብላችሁኝ ነበር» አለች።

«አይሰሙም» አለ ደሴ። «ይቺን ቶይሌት የምትለዋን ቃል ግን ያውቋታል። ምራታቸው ፊት ስለዚህ ሲወራ እንዳይገኙ ነው የወጡት።»

ደሴ ይኼን እንደዋዛ ነው የተናገረው። እኔ ግን የአማቴን መውጫ ሰዓት በልቤ ቆጠርሁ። ጠዋት ቁርስ እንደበላን፣ ከምሳ በኋላ፣ ከሰዓት በኋላ አንዴ። በዚያ ጢም በሚያደርቅ ብርድ፣ ቋንቋውን በማያውቁት አገር፣ መንገድ ለመንገድ ሲዞሩ የከረሙት እኔ እንድገባ ነው። እኔ ደግሞ ጠሉኝ ብዬ ቂም ይዤባቸዋለሁ። አፈርሁ። ሰው ፊት ማልቀስ አልወድም፤ ያን ዕለት ግን ሴትዮዋ ጠረጴዛ ላይ አለቀስሁ።

«ሁለት ሽንት ቤት ያለውን» አልኋት እንደገና። «የሽማግሌ ቤት የሚባለውን ነገር ደግሞ ዳግመኛ አታንሺብኝ።» ደሴ እኔንም ወረቀቱንም ሲያይ ቆየና ፈረመ።

የገባን ዕለት አማቴ ቤቱን ዞር ዞር ብለው አዩና ኮታቸውንና ከዘራቸውን መግቢያው አጠገብ ካለችው ትንሽ ሽንት ቤት በር ጀርባ ሰቀሉ። በዚህ ተከፋፈልን፤ የእሳቸው እዚያ፣ የእኔ ከውስጥ። ከዚያ ቀን ወዲህ በብርድ መውጣት ቀረ። በሁለተኛው ሳምንት በመስኮት እያዩ፣ «ደሴ፣ የዚህ አገር ብርድ ለካ ክፉ ነው» አሉ፤ ገና ያን ቀን የሰሙት ይመስል።

አልተጸጸትሁም ብል ግን እዋሻለሁ። ልጃችን ከተወለደች በኋላ ያን ደረጃ በቀን ሁለት ጊዜ ቅርጫት ታቅፌ ወርጃለሁ። ወገቤ እስካሁን ያስታውሰዋል። ደሴም ባለፍሁ ባገደምሁ ቁጥር «ማሽኑን ብትመርጪ ኖሮ» ይለኛል። ታች ያሉት ሴቶች ተራቸውን ይጠብቃሉ፣ ሰላምታ ይሰጣሉ፣ ከዚያ ወዲያ ቃል አይወጣቸውም። ሽንፋ ወንዝ ላይ ቢሆን በአንድ ሳሙና የሰፈሩን ወሬ ሁሉ ጨርሰን ነበር የምንመለሰው።

ልጃችን መዳህ ስትጀምር እማማ ጥሩነሽ በሰው በሰው ደብዳቤ ላኩ። ጎንደር ወጥተው ከቴሌ ቢሮ ስልክ እንደሚጠብቁ፣ ቀኑንና ሰዓቱን ጽፈዋል። እዚህ ጠዋት ነበር። አማቴ ለስልክ ብለው ሸሚዝ ቀየሩ። መስመሩ ስለሚንሿሿ ሁለቱም እየጮሁ ነው የሚያወሩት፤ የእማማ ድምፅ እኔ እስካለሁበት ይሰማል። ስለ ጤና፣ ስለ ልጅቷ፣ ስለ ዝናቡ ተጠያየቁ። ስልኩን ጠልፎ የሚያዳምጥ ሰው እንደሚኖር ሁለቱም ያውቃሉ። ከዚያ አማቴ ያልጠበቅሁትን ጠየቁ።

«ጥሩነሽ፣ የዚያን ዕለት ልብሱን አገኘሽው?»

«አገኘሁት እንጂ። ሁሉንም አነሣሁት። ኮሌታው እንኳ ጠርቶ ነበር።»

«ጋቢዬስ?»

«ጋቢዎንማ በየእሑዱ አጥቤ አጥሩ ላይ አሰጣዋለሁ።»

«ማንም ያልለበሰውን? ንጹሑን?»

«አዎ፣ ንጹሑን። አላፊ አግዳሚው ሲያየው አቶ ተገኘ ቤት አሉ ይበል ብዬ።»

«መሄዴን የሽንፋ ሰው ሁሉ ያውቀው የለም ወይ?»

«ያውቃል» አሉ እማማ። «እኔም አውቃለሁ።»

መስመሩ ተቋረጠ ወይም ጊዜው አለቀ፤ እንጃ። አማቴ እጀታውን ለእኔ ሰጡኝና ወደ መግቢያው ሄዱ። ትንሿ ሽንት ቤት ገብተው በሩን ዘጉ፤ ወዲያው ቧንቧው እስከ መጨረሻው ሲከፈት ሰማሁ። ውሃው ሲወርድ ቆየ፤ የሚዘጋም አልመሰለኝም። ደሴ ሥራ ላይ ነው፣ ልጅቷ ተኝታለች፣ የሚሰማቸው እኔ ብቻ ነኝ። ቅርጫቱን አነሣሁና በሩን ድምፅ አሰምቼ ከፈትሁ፣ መውጣቴን እንዲያውቁ። የሚታጠብ ልብስ አልነበረም። ባዶውን ቅርጫት ይዤ ቤዝመንት ወረድሁ።