ጅቡ ግልገሉን ቤት ያደረሰበት ተረት

አባቴ ተረት የሚነግሩን ገመድ ሲገምዱ ነበር። አንዳችን የቃጫውን ጫፍ ይዘን እንቀመጣለን። «ተረት ተረት» ይላሉ፤ «የላም በረት» ካላልን አይጀምሩም። ከሁሉም የማልረሳው የጅብ ልጁንና የበግ ግልገሉን ነው። ሁለቱ ወንዝ ዳር አብረው ይጫወታሉ። እናቲቱ በግ ነገ እንዳትሄድ ብትለውም ግልገሉ ይሄዳል። ሲመሽ ቢፈለግ የተገኘው የአንገቱ ቃጭል ብቻ ነው። አባቴ እዚህ ሲደርሱ ድምፃቸውን ዝቅ አያደርጉም፤ እጃቸውም አያርፍም። እኔ ጫፉን ጠበቅ አድርጌ እይዝ ነበር።

አምና ክረምት ከፍኖተ ሰላም ተነስቼ ቡሬ ገጠር ወዳለችው እህቴ ሄድኩ። አባቴም አሁን የሚኖሩት እሷ ዘንድ ነው። እኔ ፎቶ ኮፒ ቤት እሠራለሁ፤ በተበላሸ ወረቀት ጀርባ ግጥም እጽፋለሁ፤ ያገኘሁትን ሁሉ ከስልኬ አነባለሁ። ክፉ ተረት የልጅ ልብ ይጎዳል የሚልም አንብቤ ነበር። ስለዚህ ለስድስት ዓመቷ የእህቴ ልጅ መጨረሻውን ለውጬ ነገርኳት። የጅቡ ልጅ ለጓደኛው አዘነና ደጃፉ ድረስ ሸኘው አልኳት። አጨበጨበች።

ጥግ ይዘው ሲገምዱ የነበሩት አባቴ ቀና አሉ።

«ታዲያ ጅቡ ምን በልቶ ይደር?»

ሳቅሁባቸው።

ልጅቱ የራሷ ግልገል ነበራት። ሜዳ ላይ ታስሮ ሲግጥ ይውላል፤ ሲመሽ ፈትታ የምታስገባው እሷ ናት። በሦስተኛው ቀን ዝናብ ሲመጣ ብቻዋን ሮጣ ገባች። እህቴ ግልገሉም የገባ መስሏት በረቱን ዘጋች። ጠዋት ያገኘነው የተበጠሰ ገመድ ነው።

እህቴ ምን ነክቶሽ ነው ብላ ልጇን አፋጠጠቻት። ልጅቱ አላለቀሰችም፤ እኔን አየችኝ።

«ይመጣል። ጅቡ ያደርሰዋል።»

እህቴ የምትቀልድባት መሰላትና በጥፊ አለቻት። እኔ ነኝ የነገርኳት ማለት ነበረብኝ። አባቴ የገመዱን ቁራጭ አንስተው፣ ደም የነካውን ጫፍ በማጭድ ቆርጠው ጣሉ።

ልጅቱ እስከ እኩለ ቀን አጥሩ ሥር ቆማ ግልገሉን ጠበቀችው። መታገስ ሲያቅተኝ አጠገቧ ተቀምጬ የተረቱን እውነተኛ መጨረሻ ነገርኳት። እስክጨርስ ሰማችኝ።

«ያኔም ታውቂው ነበር፣ እትዬ?»

«አውቀው ነበር።»

ጅቡ ያደርሰዋል ያልኩት እኔ መሆኔን ለእህቴ የነገርኳት በማግስቱ ሚኒባስ ስጠብቅ ነው። ጥፊው ግን አንዴ አርፏል።

ለመስቀል ተመልሼ ሄድኩ። ከረሜላ ይዤ ነበር፤ ተቀበለችኝ፤ ጉንጬንም ሳመችኝ። ከዚያ «ተረት ተረት» አልኳት። ከረሜላውን ትልጥ ጀመር። ደግሜ አልኩ። ተነስታ አባቴ ዘንድ ሄደችና የቃጫውን ጫፍ ያዘች።

«አባባ፣ እርስዎ ይንገሩኝ» አለች። «የግልገሉን።»

አባቴ አንዴ አዩኝና ጀመሩ። «የላም በረት» ያለችው ለእሳቸው ነው። ቃጭሉ ጋ ሲደርሱ ድምፃቸውን ዝቅ አላደረጉም። እሷ ጫፉን ጠበቅ አድርጋ ያዘች።