የአራስ እንቅልፍ በምናለሽ ተራ

ባለፈው ሳምንት አንድ ወጣት ሱቄ በር ላይ ትልቅ ቅርጫት ታቅፎ ቆመ። ላብ በላብ ሆኗል። ቅርጫቱ ውስጥ ተልባ አለ፣ አብሽ አለ፣ የአጃ ዱቄት፣ ማር፣ ጥቁር አዝሙድ፣ ደግሞ ምንነቱን እኔ የማላውቀው በብልቃጥ የታሸገ ዘይት። ሁሉም በላስቲክ ተጠቅልሎ ላዩ ላይ ቀይ ሪቫን ታስሮበታል። ሚስቱ ወልዳ ነው። እኔ ጋ የመጣው የከሰል ምድጃ ሊገዛ ነው፤ ገንፎ በከሰል ካልሆነ አይጥምም ብለውታል።

"እሷ እንዴት ነች?" አልኩት።

"ደህና ነች። ትንሽ ድካም ነው። ሌሊት ልጁ አያስተኛትም።"

"ቀንስ?"

"ቀን እንግዳ አለ። ከታች ደግሞ ሙዚቃ ቤት ነው ያለው፣ ስፒከሩን በረንዳ ላይ አውጥቶታል።"

ደሜ ፈላ። እኔ እንደሆንኩ ዕድሜም አላበረደኝም። "ስማ፣ ይሄን ሁሉ ተሸክመህ ዋናውን ረስተኸዋል" አልኩት። ልጁ ቅመም የጎደለ መስሎት ቅርጫቱን ማገላበጥ ጀመረ። ሳቄም መጣ፣ አንጀቴንም በላኝ። "እንቅልፍ ነው የረሳኸው። እሱ በላስቲክ አይጠቀለልም። ሂድና መጀመሪያ ስፒከሩን አስቀንስ" ብዬ ምድጃውን ሰጥቼ ሸኘሁት። ከሄደ በኋላ ግን ሥራ አልያዝ አለኝ። ራህማ ትዝ አለችኝ።

ያኔ ሃያ እንኳን በቅጡ አልሞላኝም። ትምህርቱን ዘጠነኛ ክፍል ላይ እኔ ተውኩት ወይስ እሱ ተወኝ፣ እስካሁን አልተስማማንም። እዚሁ ምናለሽ ተራ በርሜል እየሰነጠቅኩ ምድጃ እሠራ ነበር። ከተራው ጀርባ፣ ከአንዲት ቆርቆሮ ግድግዳ ወዲያ፣ እናታችን ትታልን የሞተች አንድ ክፍል ቤት ነበረችን። አንድ ፍራሽ፣ ሁለት ኩርሲ፣ አለቀ። የማድረው እዚያ ነው።

በኛ ወግ ሴት ልጅ የመጀመሪያዋን ስትወልድ እናቷ ቤት ሄዳ ነው የምትታረሰው። ታላቄ ራህማ ግን እናት የላትም። ባሏ የከባድ መኪና ሹፌር ነው፤ ጅቡቲ ከሄደ መምጫውን እሱም አያውቀውም። ስለዚህ ሐምሌ ላይ፣ የመርካቶ ጭቃ ቁርጭምጭሚት በሚውጥበት ሰሞን፣ ጨቅላዋን በጋቢ ጠቅልላ ከሐኪም ቤት ቀጥታ እኔ ጋ መጣች።

"የእናቴ ቤት ነው" አለች ፍራሹ ላይ እየተቀመጠች። ዓይኗ ግን "ነው አይደል?" ይላል። ምን እላለሁ? ፍራሼን ለቀቅኩላትና ሱቅ ውስጥ ላሜራ ላይ ካርቶን አንጥፌ መተኛት ጀመርኩ።

ስለ አራስ የማውቀው ቤቷ ገንፎ እንደሚበላ ብቻ ነው። ደግነቱ እትዬ አስካለ ነበሩ። በር ለበር ጎረቤታችን ናቸው፣ ጎጃሜ፣ ልጆቻቸውን ድረው የጨረሱ። አፋቸው እሳት፣ እጃቸው ቅቤ። ገና ከመምጣቷ "እንኳን ማርያም ማረችሽ" ብለው ጉንጯን ሳሟት፣ ራህማም "አሚን" አለች፣ ከዚያ ወዲያ ቤቱ የሳቸው ሆነ።

"አንተ ከድር! እንደ ምሰሶ አትገተርብኝ! አብሽ አምጣ፣ አጃ ደግሞ ከእህል በረንዳ አምጣ። ከዚያ ከአጭበርባሪው እንዳትገዛ!"

"የትኛው ነው አጭበርባሪው እትዬ?"

"ሁሉም ናቸው። ቀምሰህ ግዛ።"

ጠዋት ጠዋት የአጃ ሙቅ ከማር ጋር፣ ረፋድ ላይ ገንፎ፣ በየመሃሉ የተልባ ውሃ። ጀርባዋን በሙቅ ውሃ ያሹላታል፣ አናቷ ላይ ለጋ ቅቤ ያደርጉላታል። ቤቴ ከበርሜል ዝገት ሽታ ወጥቶ ኮሰረትና ቅቤ መሽተት ጀመረ። ክፉ እንዳይቀርባት ብለው ትራሷ ሥር ቢላ አስገቡ።

"እትዬ፣ ይህ ሁሉ የብረት ሠፈር ከቧት አንድ ቢላ ምን ይጨምርላታል?"

"ዝም በል። የናንተ ብረት ጯሂ ነው፣ ይሄኛው ጠባቂ ነው።"

ራህማ ግን ከቀን ቀን እየሟሸሸች ሄደች። ጉንጯ ገባ። ገንፎው ሁለቴ ተጎርሶ ይደርቃል። ወተቷ እየነጠፈ፣ ልጁ ጎትቶ ጎትቶ ሲያጣ በንዴት ፊቱ ቲማቲም ይመስላል። እኔ የመሰለኝ ምግብ አንሷት ነው፤ ቅቤ በላይ በላዩ አመጣሁ። አንድ ጠዋት ሙቁን ይዤ ስገባ ልጁ እየተንሰቀሰቀ እሷ ግድግዳ ግድግዳውን ታያለች።

"ራህማ፣ ልጁ እኮ እያለቀሰ ነው።"

"ሰምቼዋለሁ" አለች። ዞራ እንኳን አላየችኝም። "ከዱዬ፣ ስሰማው እጄ አይነሳም። ለሆነ ሰው ስጡልኝ።"

ይቺ ራህማ ነች። በልጅነቴ እኔን አዝላ ውሃ የምትቀዳ ራህማ። ሙቁ እጄ ላይ ፈሰሰ፣ ቃጠሎው የተሰማኝ በኋላ ነው።

ያኔውኑ ተሸፋፍና ጤና ጣቢያ ወሰድናት። ነርሷ ወጣት ነች፤ ደህና አርጋ አየቻት። ትኩሳት የለም፣ ደሙም ደህና ነው። "ትተኛለች?" አለችኝ። "ተኝታ ነው የምትውለው" አልኩ። "መጋደምን አይደለም የጠየቅኩህ" አለች። "ትኩሳት ከመጣ፣ ደም ከበዛ፣ ወይ ራሴን ወይ ልጁን እጎዳለሁ የሚል ሐሳብ ከመጣባት ሳትውል ሳታድር ታመጣታለህ። እስከዚያ ብቻዋን አትተዋት፣ አስተኟት።" አስተኟት! ሰው እንዴት ነው የሚተኛው? ተኝ ተብሎ ይተኛል እንዴ? ሙድ የያዘችብኝ መስሎኝ ተናድጄ ወጣሁ።

ከዚያ ዒድ ደረሰ። ተራው ግማሹ ዒድ ሊያከብር፣ ግማሹ ዒድ ሊበላ ብሎ ሙሉ በሙሉ ዘጋ። ክረምት የምድጃ ወቅት ስለሆነ እሁድን እንኳን አንዘጋም ነበር። ያን ቀን ራህማ ረፋድ ላይ ልጇን አጥብታ ጋደም አለች፣ ልጁም አጠገቧ ተኛ፣ በቃ። ዶሮው በሰለ፣ አልነቃችም። ጎረቤት መጥቶ ሄደ፣ አልነቃችም። ፈርቼ አፍንጫዋ ላይ እጄን አስጠጋሁ። ትተነፍሳለች። ወደ አሥር ሰዓት ስትነሳ ፊቷ ላይ የትራሱ ምልክት ታትሞ ነበር፤ ልጁን ራሷ አነሳችው። አንድ ሳህን ጨረሰች። እትዬ አስካለ "የዒዱ በረካ ነው" አሉ። እኔም አመንኩ።

በማግስቱ ሱቅ ገባሁ፣ በርሜሉን መቀጥቀጫ በሆነችኝ የባቡር ሐዲድ ቁራጭ ላይ ጣል አድርጌ አንዴ መታሁት። ከግድግዳው ወዲያ ልጁ ጮኸ። ደገምኩት። ጮኸ። ግራና ቀኝ ሃያ መዶሻ ተነሳ። እኔም መዶሻዬን እንደያዝኩ ቀረሁ። ሌሊት ልጁ አያስተኛትም፣ ቀን ደግሞ እኛ። እዚህ ሰፈር ስላደግኩ ድምፁ ለኔ ድምፅ አልነበረም፣ አየር ነው። ለእትዬ አስካለም እንደዚያው።

ወደ ባሏ ቤት እንውሰዳት ብል እትዬ አስካለ ጮኹብኝ። "አርባዋ ሳይሞላ? ሰው በሌለበት የኪራይ ቤት? ማን ነው የሚያርሳት፣ ግድግዳው?" እውነታቸውን ነው። ነርሷም ብቻዋን አትተዋት ብላለች። እንግዲህ የቀረው ተራውን ዝም ማሰኘት ነው።

የተራው ትልቅ ሰው ጋሽ ዘርጋ ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ በርሜል ሲመቱ ጆሯቸው ተዘግቷል። ሄጄ ፊታቸው ቆምኩ።

"ጋሼ፣ እህቴ አልተኛችም!"

"ማን?"

"እህቴ! አራሷ!"

"ደህና ነች?"

"አልተኛችም!"

"ትተኛ እንጂ! ማን ከለከላት?" አሉና መዶሻቸውን በርሜሉ ላይ አወረዱት።

ተራው በሳቅ ሞተ። አቡሽ፣ ጎረቤቴና ጓደኛዬ፣ ምድጃ ላይ ወጥቶ "ጎበዝ፣ ከድር መርካቶን እሹሩሩ ሊላት ነው!" ብሎ ለፈፈ። አንዱ "እኛስ እዚሁ አይደል ያደግነው" አለ። ሌላው "በክረምት ገበያ እጃችንን አጣጥፈን ልንቀመጥ?" አለ። ምላሴ ቀደመኝ። "እናንተ ሰው አይደላችሁም፣ በርሜል ናችሁ! ውስጣችሁ ባዶ፣ ሲመቷችሁ ብቻ የምትጮሁ!" አልኩ። መቼም ጥሩ ስድብ ነበር፣ አሁንም ይጥመኛል። ግን ራህማን አላስተኛትም። ይባስ ብሎ ከሰዓት በኋላ በንዴት አጠንክረው መቱ።

እትዬ አስካለ ሰምተው ኖሮ ጠሩኝ። "ስድብህን ዋጠውና ትልልቆቹን ለገንፎ ጥራ።"

"እነሱን? ገንፎ?"

"አንድም ቀን ገብተው አላዩዋትም እኮ። ሳይጠሩ ማን ይገባል? የማያውቋት አራስ ምናቸው ናት? ጥራ አልኩህ!"

በማግስቱ ረፋድ ላይ ጋሽ ዘርጋና ሁለት ትልልቅ ሰዎች የጭቃ ጫማቸውን በር ላይ አውልቀው ገቡ። እጃቸውን ታጥበው፣ ለራህማ ምርቃታቸውን አዥጎድጉደው ኩርሲና የተገለበጠ ምድጃ ላይ ተቀመጡ። እኔ በር ላይ ቆሜ አኩርፌያለሁ። እትዬ አስካለ ገንፎውን አምጥተው መሃል አስቀመጡት። ጢሱ ይትጎለጎላል፣ እንደ ተራራ ተከምሯል፣ መሃሉ ላይ ጉድጓድ ተምሶ ቀልጦ የተነጠረ ቅቤ በበርበሬ ሞልቶበታል።

ውጭ ትልልቆቹ መግባታቸውን ያዩ ወጣቶች ያለ ከልካይ ይወቅጣሉ። ጋሽ ዘርጋ ማንኪያቸውን ሊያጠልቁ ሲሉ ቆሙ። ጎንበስ አሉ። ቅቤው ይንቀጠቀጣል። ጸጥ ይላል፣ ደግሞ ከመሃሉ ክብ ክብ እየሠራ እስከ ገንፎው ዳር ይሄዳል።

"ምንድን ነው ይሄ? መሬት ነው እንዴ የሚንቀጠቀጠው?"

"መዶሻ ነው ጋሼ!" አልኩ ጮክ ብዬ።

አላመኑኝም። እጃቸውን ዘርግተው ቆርቆሮ ግድግዳው ላይ ለጠፉት። ያ ምንም የማይሰማው ሰውዬ መዳፉ ላይ ሰማው። ከዚያ ዞረው ራህማ ጭን ላይ ያለውን ልጅ አዩ። ውጭ በተመታ ቁጥር ሁለቱ እጆቹ ብድግ ይላሉ፣ ጣቶቹ ይበረገዳሉ፣ ሊይዝ የፈለገው ነገር እንዳመለጠው ዓይነት። ሊረጋጋ ሲል እንደገና። የራህማ እንባ ይወርዳል።

"በርሜል የምንመታ መስሎኝ" አሉ ጋሽ ዘርጋ በቀስታ፣ ቀስ ብለው ሲናገሩ ሰምቼ አላውቅም፤ "ልጁን ነው እንዴ ስንመታ የከረምነው?"

ማንኪያውን አስቀምጠው ጫማቸውን እንኳን ሳያደርጉ ወጡ። "አቁሙ!" አሉ። ጆሮው የማይሰማ ሰው ሲጮህ ለከት የለውም። መዶሻው ከዳር ጀምሮ አንድ በአንድ ወረደ።

እዚያው ቆመው ሥርዓት አወጡ። ጠዋት ይመታል። ከቀትር አዛን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ግን መዶሻ የለም፤ ሰው በርሜል ይለካል፣ ላሜራ በመቀስ ይቆርጣል፣ ቀለም ይቀባል፣ ዕቃ ይጭናል። "ገበያውስ?" ያለ ነበር። "ጠዋት ሻይ ቤት የምትጎለተውን ቀንስና ምታ!" አሉት። አቡሽ መዶሻውን አስቀምጦ የላሜራ መቀሱን አነሳ።

የመጀመሪያው ቀን ጸጥታ ይገርማል። ጆሮዬ ውስጥ ፉጨት ቀረ፣ ሲቆይ እሱም ጠፋ። ከጣሪያ የሚንጠባጠበው ውሃ፣ የርግቦቹ ጥፍር ቆርቆሮ ላይ ሲንኳኳ ተሰማ። ዕቃ የተሸከሙ ሰዎች ከመንገድ ቆመው አዩን። አንድ ደንበኛ ነጠላውን እያጣፋ ተጠጋና በሹክሹክታ "ማን ሞተባችሁ?" አለ።

"ማንም አልሞተብንም" አለው አቡሽ። "ሰው ተወልዶ ነው።"

ራህማ እስከ ዘጠኝ ድረስ ተኛች። ስትነቃ "ራበኝ" አለች። እትዬ አስካለ እልልታቸውን ሊያቀልጡት ሲሉ አቡሽ በግድግዳው ቀዳዳ "እትዬ! ልጁ ተኝቷል እኮ!" ብሎ ዝም አሰኛቸው። ወተቷ በአንድ ቀን አልተመለሰም። ግን ተመለሰ፣ እንደ ክረምት ምንጭ ቀስ እያለ። አንድ ቀን ሙቅ ይዤ ስገባ ልጁን እያነጋገረችው ነበር፣ እኔን ነው የምታማለት። አርባዋ ሲሞላ ፀሐይ ላይ ወጣች፤ ባሏም የዚያን ሰሞን ገብቶ የሚስቱን ጉንጭ አይቶ "ወንድምሽ ምን አበላሽ?" አለ።

ጋሽ ዘርጋ አሁን የሉም። ነፍሳቸውን በገነት ያኑርልን። ሥርዓታቸው ግን አለ። ከተራው ጀርባ ባሉት ግቢዎች ሴት በወለደች ቁጥር ከቀትር እስከ ዘጠኝ መዶሻ አይነሳም። አዲስ የሚገቡት ልጆች የመንግሥት ሕግ ይመስላቸዋል፤ አላርማቸውም። እኔ ዛሬም ብዙ ነገር ያናድደኛል፤ ሰዉ፣ ኑሮው፣ ጭቃው። አንድ ነገር ግን በዓይኔ አይቻለሁ። ይቺ ጩኸታም መርካቶ ለአንዲት ሴት እንቅልፍ ብላ ዝም ስትል አይቻለሁ። ስለዚህ ተስፋ የለም የሚለኝን ሰው አልሰማም፣ እኔም ለሱ ደንቆሮ ነኝ።

ይሄን የምጽፈው ሱቅ ውስጥ፣ የተገለበጠ ምድጃ ላይ ተቀምጬ ነው። ከጀርባችን አንዲት የሐዋሳ ልጅ ወልዳለች፣ ዘመድ እዚህ የላትም። ተራው ጸጥ ብሏል። አሁን ገና ከግድግዳው ወዲያ ሕፃኑ አለቀሰ፣ የእናቱም ድምፅ ተሰማ፤ ነቅታለች። ሰዓቱም ዘጠኝ አልፏል። አቡሽ፣ ፀጉሩ ሸብቷል አሁን፣ መዶሻውን አንስቶ "እንጀምር?" በሚል ዓይን አየኝ።

"ትንሽ ቆይ" አልኩት። "ገንፎዋን ትጉረስበት።"